የቪን ሳንቶን ጣዕም የሚያበላሹ ስህተቶች

ቪን ሳንቶ የጣሊያኗ ቱስካኒ ገበሬዎች ክቡር እንግዳ ሲመጣ የሚያወጡት ጣፋጭ ወይን ጠጅ ነው። ትርጉሙ «ቅዱስ ወይን» ነው። ስንት ዓመት የተለፋበት መጠጥ በአያያዝ ሲበላሽ ሳይ ከልቤ ይቆጨኛል።

ትልቁ ስህተት ቀለሙን አይቶ «ይሄማ ተበላሽቷል» ማለት ነው። ሌላ ነጭ ወይን ቡናማ ከሆነ በቃ፣ አለቀለት። ይሄ ግን ቡናማ እንዲሆን ተብሎ የሚሠራ ነው። ትሬቢያኖና ማልቫዚያ የሚባሉት ወይኖች መስከረም ላይ ይለቀማሉ። ዘለላው ቆጥ ላይ ይሰቀላል ወይም ርብራብ ላይ ይዘረጋል፤ እስከ ታኅሣሥና ጥር እየጠወለገ ዘቢብ ለመሆን ይቃረባል። (የእኛም የቅዳሴ ወይን ከዘቢብ ስለሚዘጋጅ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም።) ሲጨመቅ የሚወጣው ጥቂት ወፍራም ጭማቂ ነው። እሱ ካራቴሊ በሚባሉ ትንንሽ በርሜሎች ይገባል፤ ብዙዎቹ 50 ሊትር ገደማ ቢይዙ ነው። በርሜሉ እስከ አፉ አይሞላም። ይታሸግና ጣሪያ ሥር ይቀመጣል። ብርድ ሲመጣ መፍላቱ ይተኛል፣ ሐምሌ ላይ ጣሪያው ሲግል እንደገና ይነሳል። ውስጥ የቀረው አየር ደግሞ ዓመት በዓመት ወይኑን ያጠቁረዋል። በርሜሉ ሲከፈት ከሥሩ የሚገኘውን ዝቃጭ «ማድሬ»፣ እናት ይሉታል። እናቶቻችን የእንጀራ እርሾ እንደሚያስቀሩት፣ እነሱም ለሚቀጥለው ዙር ያስቀሩታል።

ብርጭቆውን ወደ መብራት ከፍ አድርጉት። ጥቁር ማር ይመስላል። ስታዘነብሉት በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሽታው የደረቀ በለስ፣ ዋልነትና የተቃጠለ ስኳር ነው።

ርካሹን ቀምሶ በሁሉም ላይ መፍረድም አለ። ጠርሙሱ ላይ «ሊኩኦሮዞ» የሚል ካያችሁ አልኮል ተጨምሮበታል ማለት ነው። በባህላዊው ላይ አይጨመርም። ከቤተሰብ እርሻ ስትገዙ በርሜል ውስጥ ስንት ዓመት እንደቆየ ጠይቁ፤ ሞንቴፑልቻኖ በምትባለው የቱስካኒ ከተማ አካባቢ እስከ 10 ዓመት የሚያቆዩ አሉ። «ሴኮ» ከተባለ ደግሞ ጣፋጭ አይደለም።

እንደ አረቄ በመለኪያ መቅዳት፣ ወይም በረዶ እስኪሆን ማቀዝቀዝ ሽታውን ይገድለዋል። 13 ዲግሪ አካባቢ፣ በትንሽ የወይን ብርጭቆ ጥሩ ነው።

ካንቱቺ የሚባለውን ባለ አልሞንድ ደረቅ ብስኩት መንከርስ? የአገሩ ሰው ይነክራል፤ አልከራከርም። ግን 10 ዓመት የጠበቀ ወይን ላይ ፍርፋሪ ሲንሳፈፍ ማየት ያሳዝነኛል። መጀመሪያ ብቻውን ጠጡት። ከዚያ ብስኩቱን በጎን፣ ወይም ጎርጎንዞላ አይብ ሞክሩ። ክሬም የበዛበት ኬክ አይሆንም፤ ከወይኑ በላይ ስለሚጣፍጥ ወይኑን ኮምጣጣ ያስመስለዋል።

ደግሞ ከተከፈተ ይበላሻል ብላችሁ በአንድ ምሽት አትጨርሱት። ከአየር ጋር ለዓመታት ኖሯል፣ አሁን አይደነግጥም። ቡሹን መልሱና ፍሪጅ ውስጥ አቁሙት። ለፋሲካ ከከፈታችሁት፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ለሚመጣ እንግዳም ትቀዳላችሁ።