በአባት ስም የሚመሳሰሉ የታሪክ ሰዎችን እንዴት መለየት ይቻላል?

የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያነብ ወይም የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ልብ ሊለው የሚገባው፣ ከአንድ ሰው ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ መጠሪያ እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወረስ የቤተሰብ ስም አለመሆኑን ነው። የታኅሣሥ 1953ን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የመሩት መንግሥቱ ንዋይና ገርማሜ ንዋይ በእርግጥ ወንድማማቾች ነበሩ፤ ተፈሪ መኮንን (በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ) እና እንዳልካቸው መኮንን ግን የተለያዩ አባቶች ልጆች ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የአያትን ስም መፈለግ ነው። የተፈሪ አባት ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል ሲሆኑ፣ የእንዳልካቸው አባት ደግሞ ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ናቸው። እዚህ ላይ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም አባትም ልጅም ጠቅላይ ሚኒስትር ስለነበሩ፣ የስሙን ቅደም ተከተል ያገላበጠ ጸሐፊ በየካቲት 1966 የተሾሙትን ልጅ የአባታቸውን ዘመን ሹም ያደርጋቸዋል።

የአያት ስም ካልተገኘ ዕድሜን ማመሳከር ይጠቅማል። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ አድርጎ የሚቆጥር አንባቢ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ራስ እምሩ ከተፈሪ መኮንን ጋር ሐረር ላይ አብረው ያደጉ እኩያቸው ነበሩ፤ አባታቸውም ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ናቸው። ስሕተቱ ካልታረመ ወደ ቀጣዩ ትውልድ ይሻገራል፤ በሐምሌ 1966 እንዳልካቸውን ተክተው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ልጅ ሚካኤል እምሩም ያለ አግባብ የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ይሆናሉ።

ከሁሉም የሚያደናግረው የካሣዎች ጉዳይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ከመንገሣቸው በፊት ካሣ ኃይሉ ይባሉ ነበር፤ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ በሰሜን ግንባር ጦር የመሩት ልዑል ራስ ካሣም እንዲሁ ካሣ ኃይሉ እየተባሉ ይጠራሉ፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ደግሞ ከንግሣቸው በፊት ካሣ ምርጫ ነበሩ። ቴዎድሮስም ዮሐንስም በየጊዜያቸው «ደጃዝማች ካሣ» ስለተባሉ፣ ማዕረግ ብቻውን አይለያቸውም፤ የሰነዱ ዓመትና ቦታ መታየት አለበት። ከ1847 በፊት ስለ ቋራና ስለ ደምቢያ የሚናገር ጽሑፍ የወደፊቱን ቴዎድሮስን ይመለከታል፤ በ1860 በትግራይ በኩል ከእንግሊዝ ጦር ጋር የሚጻጻፈው ካሣ ግን የምርጫ ልጅ ነው። በዜና መዋዕልና በግጥም ውስጥ የፈረስ ስም፣ ማለትም ሰውየው በፈረሱ የሚጠራበት «አባ» የሚል መጠሪያ፣ ከተገኘ ነገሩ ይቀላል፤ አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ ናቸው፣ አባ በዝብዝ ደግሞ ዮሐንስ። በእኔ አስተያየት የፈረስ ስምን እንደ ጌጥ ቆጥሮ የሚዘል ጸሐፊ አስተማማኝ መለያ ይጥላል።

በጥምር ስሞች ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ፣ ተክለ የሚሉትን ከተከታያቸው ነጥሎ እንደ ራሱ የቻለ ስም መመዝገብ አይገባም።

ተቃራኒውም መዘንጋት የለበትም፤ ስም ሳይጋሩ የሚዛመዱ አሉ። ሯጮቹ እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ዲባባ እኅትማማቾች መሆናቸው ከስማቸው ይገመታል፤ ደራርቱ ቱሉ የሥጋ ዘመዳቸው መሆኗን ግን ስሟ አይናገርም። ሴት ስታገባም የአባቷን ስም ይዛ ስለምትቀጥል፣ እቴጌ ጣይቱ ብጡልን ከራስ ወሌ ብጡል ጋር የሚያገናኛቸው የአባታቸው ስም ሲሆን፣ ከዐፄ ምኒልክ ጋር ያላቸው ትዳር በስማቸው ላይ አይታይም።

በራስዎ ጽሑፍ ውስጥ ሰውየውን መጀመሪያ ሲጠቅሱ ማዕረጉን፣ ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ ከተቻለም የሹመቱን ወይም የንግሡን ዓመት ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ማሳጠር ሲያስፈልግ «እምሩ» ወይም «ጥሩነሽ» ይበሉ እንጂ በአባት ስም ብቻ አይጥሩ፤ ማውጫ ሲያዘጋጁም በመጀመሪያው ስም ፊደል ተራ ያስገቡ።