ሰዓቱን ሳይሆን እግሩን እዩ፦ የታዳጊ ሯጭ አሯሯጥ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ላይ ታዳጊ ሯጭ ስትመለምሉ እነዚህ ነገሮች ያጋጥሟችኋል።

ሰዓቱ ደካማ ነው

ልጁን ከመውቀሳችሁ በፊት የከፍታውን ስስ አየር አስቡ። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ያሸነፈው በ2፡20፡26 ነው። የሰሜን ሸዋው አበበ ቢቂላ ዝቅ ባለችው ቶኪዮ ላይ የገባው በ2፡12፡11 ነበር። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው! ስለዚህ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ሠንጠረዥ ጋር አታወዳድሩ። በዚያው ቀን፣ በዚያው መም ከሮጡት እኩዮቹ ጋር አወዳድሩት።

ሲጀምር ያምራል፣ የመጨረሻው ዙር ላይ ይሞታል

ብዙ መልማይ "ትንፋሽ የለውም" ብሎ ያልፈዋል። እኔ መጀመሪያ እግሩን አያለሁ። በስልክ ከጎን፣ በዳሌው ቁመት ልክ፣ በዝግታ ቅረጹት። አንዴ ትኩስ እያለ፣ አንዴ ደክሞት። እግሩ ሲያርፍ ጉልበቱ ተዘርግቶ ተረከዙ ከሰውነቱ በጣም ቀድሞ መሬት ይመታል? እንግዲያው በየእርምጃው ፍሬን እየያዘ ነው የሚሮጠው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ "እግርህን ዘርጋ" የሚል ጩኸት ነው። ከዳር ሆኖ የሚጮህ ሰው ደግሞ አይጠፋም።

መፍትሄው ምክር ሳይሆን ዳገት ነው። ለስላሳ ዳገት ላይ እግርን ወደፊት መወርወር ያስቸግራል፣ አካሉ ራሱ ያስተካክላል። ሜዳ ላይ ደግሞ ቀኝ እግሩ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ ቁጠሩ። 40 ከሆነ፣ ፍጥነቱን ሳይጨምር 42 ያድርሰው። በአንድ ጊዜ ከዚያ በላይ አትጠይቁት።

ዳሌው ይወርዳል፣ ተቀምጦ የሚሮጥ ይመስላል

የዳሌና የመቀመጫ ጡንቻው ደክሞ ይሆናል። በአንድ እግር ቁጢጥ ብሎ መነሳትና ደረጃ መውጣት ይረዳል። ድካሙ ለሳምንታት ካልለቀቀው ግን ልምምድ አትጨምሩበት። ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር። ደም ማነስ በተለይ ሴት ልጆች ላይ ይበዛል። ምግብ እንደበሉ ወዲያው ሻይ መጠጣትም በምግቡ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል። በደብረ ብርሃን ብርድ ይህን ማን ይሰማል?

ክንዱ አያምርም

ተዉት። የኃይሌ ግራ ክንድም ደብተር እንደያዘ ልጅ ነበር።

የ14 ዓመቱ ልጅ ሁሉንም ደርቦ አለፈ

ቀድሞ ጎርምሶ ይሆናል። ሦስተኛ የወጣውን፣ ገና ያላደገውን፣ ግን ሲደክመውም እርምጃው ያልተበላሸውን ልጅ ስም መዝግቡ። ከስድስት ወር በኋላ ሁለቱንም እንደገና አስሩጧቸው።