ተጨማሪ የጉም መብራትን በሪሌና በማብሪያ ማጥፊያ መኪና ላይ እንዴት መግጠም እንደሚቻል

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ደባርቅ የሚጓዝ አሽከርካሪ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው በዚህ መንገድ ላይ በክረምት ወራት፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ፣ ከኮሶዬ ጀምሮ እስከ አምባ ጊዮርጊስና ዳባት ድረስ ከገደሉ እየወጣ አስፋልቱን የሚሸፍን ጉም ያጋጥመዋል። በዚህ ጊዜ ረጅሙን መብራት ማብራት አይጠቅምም፤ ብርሃኑ በጉሙ ውስጥ ካሉት የውሃ ጠብታዎች ላይ ተንጸባርቆ ወደ ዓይን ስለሚመለስ ከፊት ነጭ ግድግዳ የቆመ ይመስላል። ዝቅ ብሎ የተገጠመና ብርሃኑን ወደ ጎን እያሰፋ መሬት መሬቱን የሚያበራ መብራት ግን የመንገዱን ጠርዝ ያሳያል። ከዚህ በታች የምገልጸው እንዲህ ያለ ጥንድ መብራት በ12 ቮልት በሚሠራ መኪና ላይ የሚገጠምበትን መንገድ ነው።

ደጋግሜ የማየው ስህተት ከባትሪ የተነሳው ሽቦ በቀጥታ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ገብቶ ከዚያ ወደ መብራቱ መዘርጋቱ ነው። እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ ሁለት የሃሎጅን አምፖሎች በድምሩ 110 ዋት ይወስዳሉ፤ ይህም በ12 ቮልት ሲካፈል ከ9 አምፔር በላይ ይሆናል። በዳሽቦርድ ላይ የሚገጠም ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ይህን ያህል ኮረንት ለረጅም ሰዓት ሲያሳልፍ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ይቀልጣል። ከዚህ ሌላ በረጅምና በቀጭን ሽቦ ውስጥ ቮልቴጅ ይባክናል፤ የሃሎጅን አምፖል የሚደርሰው ቮልቴጅ በ10 በመቶ ብቻ ቢቀንስ ከብርሃኑ ሲሶ የሚጠጋውን ያጣል። ሪሌ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል 0.2 አምፔር የማይሞላ ኮረንት ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና የከባዱን መስመር ሁለት ጫፎች ያገናኛል፤ ማብሪያ ማጥፊያው የሚሸከመውም ይህን ትንሽ ኮረንት ብቻ ነው።

ለሥራው የሚያስፈልጉት መብራቶቹ፣ 12 ቮልት 30 ወይም 40 አምፔር የሚል ጽሑፍ ያለበት ሪሌ፣ 15 አምፔር ፊውዝ ከነመያዣው፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ለከባዱ መስመር 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለማብሪያ ማጥፊያው ደግሞ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ለስላሳ የመኪና ሽቦ፣ የሽቦ ጫፍ ማሰሪያዎች፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ናስትሮና የቮልቴጅ መለኪያ ናቸው። ለቤት መስመር የሚሸጠውን ባለ አንድ ድርቅ ሽቦ አይጠቀሙ፤ በመኪና ንዝረት ይሰበራል። የጭነት መኪናዎችና ብዙ አውቶቡሶች በ24 ቮልት ስለሚሠሩ ሪሌውም አምፖሉም የ24 ቮልት መሆን አለበት።

ሥራው የሚጀመረው የባትሪውን ኔጋቲቭ ማሰሪያ በመፍታት ነው። ፖዘቲቩን አስቀድሞ የሚፈታ ሰው ቁልፉ ከመኪናው አካል ጋር ከተነካካ እሳት ያስነሳል። ቀጥሎ መብራቶቹን ከፊት ፓራውልት ዝቅ አድርገው፣ በሁለቱም ጎን በእኩል ቁመትና ከመኪናው መሐል በእኩል ርቀት በቡሎን ይሰሩ። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ፓውዛ ለጉም ፈጽሞ አይሆንም። አምፖል ሲያስገቡ መስታወቱን በባዶ ጣት አይንኩት፤ ከጣት የሚቀረው ቅባት መስታወቱን በአንድ ቦታ ያግለውና ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ሪሌውን ከሞተሩ ግለት ራቅ አድርገው፣ እግሮቹን ወደታች አዙረው በኮፋኖው ሥር ይሰሩት፤ እንዲህ ሲሆን የዝናብ ውሃ በውስጡ አይጠራቀምም። አሁን ከእግሮቹ ሥር የተጻፉትን ቁጥሮች ያንብቡ፤ ሥራው በሙሉ ያለው በእነርሱ ላይ ነው። 30 ከባትሪ የሚመጣው ዋና መስመር የሚገባበት ነው። 87 ወደ መብራቶቹ የሚወጣበት ነው። 85 እና 86 የሽቦ ጥቅሉ ሁለት ጫፎች ናቸው። ባለ አምስት እግር ከሆነ መሐል ላይ 87ኤ የሚል ይገኛል፤ ይህ እግር ሪሌው በማይሠራበት ጊዜ ከ30 ጋር የተገናኘ ስለሆነ መብራቱን እዚያ ላይ ያሰረ ሰው ማብሪያውን ሲያጠፋ መብራቱ ይበራበታል። ምንም ሳይታሰርበት ይተውት። በጥቅሉ ላይ ዳዮድ፣ ማለትም ኮረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ፣ ያለው ሪሌ ከሆነ 86 ፖዘቲቭ፣ 85 ኔጋቲቭ መሆኑ ግዴታ ነው፤ ዳዮድ የሌለውም ቢሆን ይህንኑ ሥርዓት መከተል በኋላ ጥገና የሚሠራውን ሰው ከግራ መጋባት ያድናል።

ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሳው ወፍራም ሽቦ በፊውዙ በኩል አልፎ ወደ 30 ይገባል። ፊውዙ ከባትሪው ከ30 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ ምክንያቱም ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ምንም ጠባቂ የለውም፤ ልባሱ ተፍቆ ላሜራ ቢነካ የባትሪው ኃይል በሙሉ በእርሱ ውስጥ ይፈስሳል። ፊውዙን መብራቱ አጠገብ ማስቀመጥ ባለማስቀመጥ ይቆጠራል። ከ87 የሚወጣውን ወፍራም ሽቦ ለሁለቱ መብራቶች ያካፍሉ። የመብራቶቹን ኔጋቲቭና 85ን ቀለሙ እስከ ብረቱ ድረስ በተፋቀ የመኪናው አካል ላይ በቡሎን ካሰሩ በኋላ ዝገት እንዳይዘው ግሪስ ይቀቡት። ደብዝዞ ወይም እየተርገበገበ የሚበራ መብራት ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው በዚህ ማሰሪያ ላይ ነው።

ማብሪያ ማጥፊያውን እጅ በቀላሉ በሚደርስበት፣ ዓይንንም ከመንገድ በማያነሳ ቦታ ይግጠሙት። ኃይሉን ከፓርኪንግ መብራቱ ፖዘቲቭ መስመር እንዲያገኝ ማድረግን እመርጣለሁ፤ መስመሩ የራሱ ፊውዝ አለው፣ አሽከርካሪው የመኪናውን መብራት ሲያጠፋም የጉም መብራቱ አብሮ ስለሚጠፋ በማግስቱ ባትሪው ሞቶ አይገኝም። ትክክለኛውን ሽቦ በመለኪያ አረጋግጠው ወደ ማብሪያው አንድ እግር ያስገቡ፤ ከሌላው እግር የሚወጣው ወደ 86 ይሄዳል። ይህ ሽቦ ጋቢናውን ከሞተሩ ክፍል የሚለየውን ላሜራ ሲያልፍ የጎማ ቀለበት ባለበት ቀዳዳ ብቻ ይለፍ፤ የላሜራ ጠርዝ ሽቦን እንደ ቢላ ይቆርጣል። መስመሩ ሁሉ ከጭስ ማውጫና ከሚሽከረከር ነገር ርቆ በመከላከያ ቱቦ ውስጥ ይግባ።

በመጨረሻ ኔጋቲቩን መልሰው ፓርኪንግ መብራቱን፣ ከዚያም ማብሪያውን ያብሩ። ሪሌው ቀጭ ብሎ መብራቱ ካልበራ ፊውዙን፣ 30ን፣ 87ንና የመብራቶቹን ኔጋቲቭ ይፈትሹ፤ ድምፅ ከሌለ ግን ችግሩ ያለው በማብሪያው፣ በ86 ወይም በ85 መስመር ነው። ምሽት ላይ መኪናውን በሜዳ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር አርቀው ያቁሙና የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመብራቱ መሐል ቁመት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ ያስተካክሉ። ሚኒባስ ከኋላ ሲጫን አፍንጫው ወደ ላይ ስለሚነሳ ማስተካከሉ በተለመደው ጭነት መሠራት አለበት፤ አለበለዚያ ከዳባት በኩል የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ይወጋል። መብራቱ ለ10 ደቂቃ ከበራ በኋላ ደግሞ የፊውዝ መያዣውንና ሽቦው የተያያዘባቸውን ቦታዎች በእጅ ይዳስሱ፤ ለብ ማለት የተለመደ ሲሆን እጅን የሚያቃጥል ማያያዣ ካለ በደንብ አልተጨመቀምና ተፈትቶ እንደገና ይሠራ።