ሆስፒታል ሲያስታምሙ መድኃኒት የተላመደ የአንጀት ባክቴሪያ እንዳይዛመት እንዴት ይደረጋል

ኢ. ኮላይ እና ክሌብሲየላ የሚባሉት ባክቴሪያዎች በሰው አንጀት ውስጥ ያለ ችግር ይኖራሉ። ጣጣው የሚመጣው መድኃኒት የተላመዱት ዝርያዎች ወደ ሽንት ፊኛ፣ ወደ ቁስል ወይም ወደ ደም ሲገቡ ነው። ያኔ በየሆስፒታሉ የሚታዘዘው አንቲባዮቲክ ሴፍትሪአክሶን አይበግራቸውም፤ ካርባፔነም ከሚባሉት ጠንካራ አንቲባዮቲኮች አንዱ የሆነውን ሜሮፔነምን የሚቋቋሙም አሉ። የመላመድ ባሕርያቸውንም ፕላስሚድ በሚባል ትንሽ የዘር ቁራጭ አንዱ ለሌላው ያቀብላል።

ባክቴሪያውን የተሸከመ ሰው ምንም ላያመው ይችላል፤ ጤነኛ መስሎ ለወራት በሰገራው ያስወጣዋል። ስለዚህ ከየትኛው በሽተኛ ልጠንቀቅ ብሎ መምረጥ አያዋጣም። ዋናው መተላለፊያ ከሰገራ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ወይም በሽተኛው ላይ ወደተሰካ ቱቦ ነው። የአስታማሚ ሥራም ይህን መንገድ መዝጋት ነው።

ደረጃ 1፦ ይዘው የሚሄዱት

ሳሙና፣ የራስዎ ፎጣ፣ አልኮሉ ቢያንስ 60 በመቶ የሆነ ሳኒታይዘር፣ አንድ ጠርሙስ በረኪና፣ ሁለት የመወልወያ ጨርቅ፣ እንዲሁም የበሽተኛው ስም የተጻፈበት የሽንት መቅጃ። የቤት አረቄ አብዛኛውን ጊዜ 60 በመቶ ስለማይደርስ ሳኒታይዘርን አይተካም። ንጹሕ አልኮል ብቻውንም ጥሩ አይደለም፤ ባክቴሪያውን ለመግደል ጥቂት ውሃ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 2፦ እጅ

እጅዎ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለ መዳፍዎን የሚሞላ ሳኒታይዘር ጨምረው እስኪደርቅ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይሹ። አውራ ጣትና የጥፍር ሥር ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ሰገራ ወይም ሽንት ነክቶት ከሆነ ግን አልኮል በቆሻሻው ውስጥ ዘልቆ አይሠራም፤ በሳሙናና በውሃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይታጠቡ። ጓንት ማድረግ ከመታጠብ አያድንም። ሲወልቅ እጅን ይበክላል፤ በአንድ ጓንት ከአልጋ ወደ አልጋ መሄድማ ባክቴሪያውን ማከፋፈል ነው።

በእኛ አገር ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልገው ጉርሻ ነው። የአልጋውን ብረት፣ አንሶላውን ወይም ስልክዎን ከነኩ በኋላ ሳይታጠቡ አያጉርሱ። ምሳ ዕቃውንም አልጋው ላይ አይዘርጉ።

ደረጃ 3፦ ካቴተር (ሽንትን ከፊኛ ወደ ከረጢት የሚያወርድ ቱቦ)

ሰው ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ይህን ነው። የሽንት ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ወለል ግን አይንካ። በሽተኛው ለራጅ ሲወሰድ ከረጢቱን ሆዱ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ስሕተት ነው፤ በከረጢቱ የቆየው ሽንት ባክቴሪያ ይዞ ወደ ፊኛ ይመለሳል። ከሦስት እጅ ሁለቱ ሳይሞላ ባመጡት መቅጃ ይቅዱት፤ የከረጢቱ አፍ መቅጃውን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። የጎረቤት አልጋን መቅጃ አይዋሱ፣ ቱቦውንም ከከረጢቱ አይለያዩ።

ካቴተር በቆየ በእያንዳንዱ ቀን ባክቴሪያ ወደ ሽንት የመግባት ዕድሉ ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ነርሷን ወይም ሐኪሙን «ካቴተሩ ዛሬም ያስፈልገዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ደረጃ 4፦ ሰገራ፣ አልጋና መታጠቢያ

በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ (ጠርሙሱ ላይ ያንብቡ) አንድ ኩባያ በረኪና በ9 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡ፤ 0.5 በመቶ ይሆናል። ሰገራ የነካውን ቦታ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ያጽዱ፤ ክሎሪን ከቆሻሻ ጋር ሲገናኝ ኃይሉን ያጣል። ከዚያ በብጥብጡ አርሰው 10 ደቂቃ ይተዉት። ብጥብጡን በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ። ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ሊወጣው ይችላል። አንዱ ጨርቅ ለአልጋው ብረትና ለኮመዲኖው ብቻ፣ ሌላው ለፖፖና ለሽንት ቤት ይሁን።

የእጅ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ የሻይ ትራፊ፣ የተረፈ ጉሉኮስ ወይም ሽንት አይድፉ። ባክቴሪያዎቹ በገንዳው ቱቦ ውስጠኛ ጎን ላይ የሚያሟልጭ ሽፋን ሠርተው ይኖራሉ፤ ስኳር ሲያገኙ ይራባሉ፣ ውሃ ሲከፈት ደግሞ ወደ ላይ ይረጫሉ። ምግብና መድኃኒት ከገንዳው ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ።

በሽተኛው ለብቻ ይተኛ ከተባለ አይከፉ። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ2006 ካርባፔነም የተላመደ ክሌብሲየላ በየሆስፒታሉ ሲዛመት፣ በ2007 ተሸካሚዎችን ለይቶ ማስተኛትና የራሳቸውን ነርሶች መመደብ ግዴታ ሆነ። በየ100,000 የአልጋ ቀን (አንድ በሽተኛ የተኛበት አንድ ቀን አንድ ይቆጠራል) 55.5 የነበረው አዲስ ተያዥ በሜይ 2008 ወደ 11.7 ወረደ፤ ያለ አንዳች አዲስ መድኃኒት።

ደረጃ 5፦ ቤት ከገቡ በኋላ

የራሱ ፎጣ ይኑረው። ሰገራ የነካው ልብስ ለብቻው ይታጠብ። ምግብ የሚያበስለው ሰው ከሽንት ቤት መልስ በሳሙና ይታጠብ። የሚጠጣውን ውሃ የሚያፈሉ ከሆነ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ አዲስ አበባን ጨምሮ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ግን ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

የተረፈ አንቲባዮቲክ ለሌላ ጊዜ አያስቀምጡ፣ ለጎረቤትም አይስጡ። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን አይረዳም። ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚያስፈልገው ኦአርኤስና ዚንክ ነው፤ ደም ካለበት ወይም ሕፃኑ ከደከመ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ያለ ምክንያት የተዋጠ አንቲባዮቲክ በአንጀት ያሉትን ደካሞች ገድሎ ለተላመዱት ቦታ ይለቅላቸዋል። ተሸካሚው ሕመም ከሌለው ባክቴሪያውን ከአንጀቱ ለማጥፋት ብሎ መድኃኒት መውሰድም አይመከርም።

ከሆስፒታል ሲወጡ የካልቸር (ባክቴሪያውንና የሚሠራበትን መድኃኒት የሚለይ ምርመራ) ውጤቱን ቅጂ ይጠይቁ። በሽተኛው ሌላ ጊዜ ሌላ ሆስፒታል ሲገባ ያንን ወረቀት ገና ካርድ ሲያወጡ ያሳዩ፤ ሐኪሙ የማይሠራውን መድኃኒት በመሞከር ሁለትና ሦስት ቀን አያጠፋም፣ ነርሶቹም የት እንደሚያስተኙት ከመጀመሪያው ያውቃሉ።