የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አረጋውያን የሚረዱ በጎ ፈቃደኞችን እንዴት እናሠልጥን?

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ አረጋዊ ነገር መርሳት ሲጀምሩ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ቤተሰብ የሚደነግጠው አንድ ቀን ወጥተው ሲጠፉ ነው። ቀድሞ ሊያስተውል የሚችለው ጎረቤት ነውና ሥልጠናውም ከሰፈር ይጀምር።

1. ሰው ምረጡ። ዲፕሎማ አትፈልጉ። ታጋሽ፣ እድር ላይ የሚታወቅ፣ የሰው ገመና የማያወጣ ይበቃል። ቋንቋ ግን አትርሱ። በሽታው ሲከፋ ሰው ኋላ የለመደውን ቋንቋ እየተወ ወደ አፍ መፍቻው ሊመለስ ይችላል። መጋላ ላይ ዕድሜ ልካቸውን በአማርኛ የነገዱ እናት አንድ ቀን በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ብቻ ይመልሱላችሁ ይሆናል። ሁለቱንም የሚችል ሰው በቡድኑ ይኑር።

2. በሽታውን ባጭሩ አስረዱ። የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) አንጎልን ከሚጎዱ የተለያዩ ሕመሞች ይመጣል፤ ዋነኛው አልዛይመር ነው። እርግማንም ቡዳም አይደለም። ያልታከመ ግፊትና ስኳር ያጋልጣሉ። ከዚህ በላይ ንግግር አያስፈልግም።

3. ድንገተኛውን ከቆየው መለየት አስተምሩ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ከቀባጠሩ ነገሩ ሌላ ነው። ኢንፌክሽን፣ የመድኃኒት ጣጣ፣ የስኳር መውረድ፣ በዚህ በድሬ ሙቀት ደግሞ የውሃ እጥረት ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ቀስ በቀስ የመጣ ከሆነ ቤተሰቡን መጠየቅ ነው። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው ብዙም አይረባም። ይልቅ «ወጥ ላይ ጨው ሁለቴ ይጨምራሉ? ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ይጠፋቸዋል?» ይባል። መልሱን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ያድርሱ። በሽታውን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርና ድብርትም ይህንኑ ይመስላሉ፣ ይታከማሉም።

4. አነጋገር አለማምዱ። ከሥልጠናው ግማሹን ለዚህ ስጡት። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ፤ አንዷ አረጋዊት ትሁን።

«እናቴ ትጠብቀኛለች፣ ልሂድ።»

«እማማ፣ እናትዎ እኮ ከሞቱ ሠላሳ ዓመታቸው!» ይህ መርዶ ነው። ነገ ሲረሱት ደግሞ እንደ አዲስ ያረዷቸዋል።

«እናትዎ ናፈቁዎት እማማ? ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብሎ አጠገባቸው ቁጭ ማለት ይሻላል። ከፊት ለፊት ቀርቦ፣ በስማቸው ጠርቶ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መናገር። «ምን ይብሉ?» ከማለት «ሻይ ነው ወተት?» ይቀላል። አትከራከሩ፣ አትፈትኗቸው። አቦ፣ «እኔ ማን ነኝ?» እያሉ ማስጨነቅስ ይቅር!

5. ቤቱን አብረው ይዩ። የከሰል ምድጃ፣ መድኃኒት፣ የውጭ በር። በደቻቱ ወንዝ ዳር ላሉ ቤቶች የበሩ ነገር ቀልድ አይደለም፤ ደረቅ አሸዋ የሚመስለው ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ሰው ወስዷል። የሚወጡ ከሆነ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ኪሳቸው ይግባ፤ የሰፈሩ ባጃጅ ሾፌርና ባለሱቅም፣ ቤተሰብ ከፈቀደ፣ ይወቃቸው።

6. አስታማሚዋን አትርሱ። አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ወይም ምራት ናት። ለብቻዋ አውሯት፤ «አንቺስ ሌሊት ትተኛለሽ?» በሏት። ከዚያ በሳምንት አንድ ከሰዓት በተራ የሚቀመጥላትን ሰው ስም ጽፋችሁ ስጧት። «አይዞሽ» ብቻ አያሳርፋትም።

በጎ ፈቃደኞቹም በየወሩ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ተገናኝተው የከበዳቸውን ያውሩ፤ የታማሚ ስም ግን ከዚያ ክፍል አይውጣ።