ፓትሮሉ እየዞረ ነጠቃው ካልቆመ ችግሩ የት ነው?

ፓትሮል የለም ማለቴ አይደለም፣ አለ፣ ፒካፗ በየማታው መብራቷን እያብለጨለጨች ታልፋለች፣ ግን ታክሲ ተራው ጋ የሞባይል ነጠቃው እንዳለ ነው። ሺፍት የምትመሩ ፖሊሶች ካላችሁ እስቲ ይሄን እዩት።

ችግር፦ መኪናው ሁሌ ይዞራል፣ ወንጀሉ ግን አልቀነሰም

ምክንያቱ ቀጠናውን ሙሉ እኩል እንሸፍን ማለት ነው። አሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ላይ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 73 ሞክረውታል፣ 15 ቀጠና ወስደው አምስቱ ላይ ፓትሮሉን አነሱት (ጥሪ ሲመጣ ብቻ ነው የሚገቡት)፣ አምስቱ ላይ ሁለት ሶስት እጥፍ አደረጉት፣ የቀረውን እንደነበረ ተዉት፣ ወንጀሉ ላይ ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልመጣም፣ ጭራሽ ነዋሪው መቀየሩንም አላወቀም 😄

መፍትሄው ቦታ መምረጥ ነው። እዛው አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ላይ ሲቆጠር ከከተማው አድራሻ 3 በመቶ ገደማው ብቻ ነው ግማሹን የፖሊስ ጥሪ የሚያመጣው። ስለዚህ የመጣውን ጥቆማና አቤቱታ ሁሉ ወረቀት ላይ በቦታና በሰዓት ጻፉት፣ ሶፍትዌር ምናምን አያስፈልገውም፣ ሶስት አራት ጥግ ራሱ ይወጣል። እዛ ሄዳችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆዩ፣ ከዛ ቀጣዩ ጋ፣ ተመልሳችሁ ደግሞ። ከዛ በላይ መቆም ብዙም አይጨምርም።

ችግር፦ ሌባው ሰዓታችሁን ያውቃል

ሊስትሮው እንኳን ካወቀው እሱማ! ዙሩን አንድ ቀን ከላይ አንድ ቀን ከታች ጀምሩ፣ ፈረቃ ሲቀየር ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ ጣቢያ አይግባ፣ ያቺ ግማሽ ሰዓት ናት ባዶ የምትሆነው።

ችግር፦ ሰዉ ምንም አይናገርም

ይሄ ነው ለኔ ትልቁ። መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ላለ ሰው ማን ይናገራል? ደግሞ 991 ደውሎ "ማን ልበል፣ የት ነህ" ሲባል የሚፈራ ሰው አለ፣ ጎረቤት ሰምቶ ቂም ይያዝብኛል ይላል። በእግር ውረዱ፣ የሱቁን ልጅ፣ የጀበና ቡና የምታፈላዋን፣ ዘበኛውን ሰላም በሉ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይነግሯችሁም፣ ያው ፊት እየመጣ ሲያዩ ግን ማን በየት በኩል እንደሚያመልጥ ይነግሯችኋል። አሜሪካ ፊላደልፊያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 ወንጀል የበዛባቸው 60 ቦታዎች ላይ በእግር ፓትሮል አሰማርተው የሃይል ወንጀሉ 23 በመቶ ቀንሷል። ኒውዋርክ ላይ ቀደም ብሎ ሲሞከር ግን ወንጀሉ ሳይሆን የሰዉ ፍርሃት ነው የቀነሰው፣ እኔ እሱንም አልንቀውም፣ እህቴ ማታ ከስራ ስትመጣ ስልክ እያደረገች በሩጫ ባትገባ ደስ ይለኛል።

ችግር፦ ቀንሶ ነበር፣ ተመልሶ መጣ

ፊላደልፊያም ላይ ፖሊሶቹ ሲነሱ ውጤቱ አልቆየም። የሰው ሃይል ካጠረ ሁሉንም ባንዴ አታንሱ፣ በሳምንት ሁለት ሶስቴም ቢሆን ያው ጥግ ጋ ብቅ በሉ፣ ያውም ባልታሰበ ሰዓት።