አውራ ጣት ሲጣመም፦ ሪህ ነው ወይስ ቡኒየን?

የእግር አውራ ጣት ሥር፣ በጎን በኩል፣ ጉብ ያለ ነገር ሲወጣ ብዙ ሰው «ሪህ ነው» ብሎ ሥጋ መተው ይጀምራል። ጣቱ ወደ ሁለተኛው ጣት ያጋደለ ከሆነ ግን ቡኒየን ሊሆን ይችላል። ጉብታው የበቀለ አጥንት አይደለም። ከጣቱ በስተኋላ ያለው ረጅሙ አጥንት ቀስ በቀስ ወደ ሌላኛው እግር ሲሸሽ፣ ጣቱ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ሲያዘነብል፣ መሃል ያለው መገጣጠሚያ ገፍቶ ይወጣል።

እግርዎን ቆመው ያስዩ። ተቀምጠው ሲያዩት ክብደት ስለማያርፍበት መጣመሙ ያነሰ ይመስላል። በባዶ እግር ወረቀት ላይ ይቁሙና ሌላ ሰው እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ዙሪያውን ይሳልልዎ። ዘወትር የሚያደርጉትን ጫማ ሥዕሉ ላይ ያስቀምጡ፤ መስመሩ ከጫማው ጎን ተርፎ ከታየ ጣትዎ ተጨምቆ ነው የሚውለው። ቀን ጽፈውበት ያቆዩት፤ ከ6 ወር በኋላ የሚሳለው አዲስ ሥዕል መባባሱን ያሳያል። ዲግሪ ለመለካት ግን አይድከሙ፤ እሱ ቆመው በሚነሱት ራጅ የሚታይ ነው። የጣቱ ማዘንበል ከ15 ዲግሪ ካለፈ ቡኒየን ይባላል፣ ከ40 ካለፈ ከባድ ነው።

ሕመሙ ጫማ ሲያደርጉ ይብሳል፣ ሲያወልቁ ቀለል ይላል። ጉብታው ቀይ ይሆናል፣ አንዳንዴም ጎኑ ይደነዝዛል። ብዙዎች የማያስተውሉት ምልክት ከሥር ነው፦ አውራ ጣት ሸክሙን መሸከም ሲያቅተው ሁለተኛው ጣት ሥር፣ ውስጥ እግር ላይ፣ መጅ ይወጣል። ቆይቶም ሁለተኛው ጣት ይቆለመማል ወይም አውራው ላይ ይወጣል። የጉብታው ትልቅነት የሕመሙን መጠን አይናገርም።

ሪህ እንዲህ አይደለም። በአንድ ሌሊት ይነሳል፤ መገጣጠሚያው ይግላል፣ ያብረቀርቃል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ አያስችልም፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይለቃል። ቡኒየን ዓመታት ይወስዳል። ጉብታው ከላይ ሆኖ ጣቱ ወደ ላይ አልታጠፍ ካለ ደግሞ የመገጣጠሚያው መበላት ይጠረጠራል።

ጫማ ሲገዙ ወደ ማታ፣ እግር ሲያብጥ ይለኩ። ፊቱ ሰፊ፣ ታኮው ዝቅ ያለ፣ ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚተርፍ ይሁን። በጣቶች መሃል የሚገባው ላስቲክ መፋተጉን ይቀንሳል፤ አጥንቱን ይመልሳል ብሎ የሚሸጥልዎትን አይመኑ። አጥንቱን የሚያቀናው ቀዶ ጥገና ብቻ ነው፤ እሱም ለመልክ ሲባል የሚደረግ አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ጉብታው ላይ ትንሽ ቁስል ካየ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።